አንድ ዓሣ በአራት አጻጻፍ፦ በጣና ዳርቻ የዓሣ መዝገቦች ላይ የዓምድ ርዕሶችን በስክሪፕት የማስተካከል ሥራ

በጣና ዙሪያ ካሉ 5 የዓሣ ማራገፊያ ቦታዎች ባሕር ዳር ወደሚገኝ አንድ የመረጃ ክፍል በየወሩ አንድ አንድ የኤክሴል ፋይል ይመጣል። አብዛኛው በቴሌግራም ይላካል፤ ኔትወርክ በጠፋ ጊዜ ግን ፋይሉ በፍላሽ ተጭኖ፣ ፍላሹም ለጀልባ ነጂ በአደራ ተሰጥቶ ሐይቁን ተሻግሮ ይደርሳል። ፋይሉን የሚያዘጋጁት መዝጋቢዎች የኮምፒውተር ባለሙያዎች አይደሉም። ጎሕ ሲቀድ ዳርቻው ላይ ተገኝተው ከታንኳና ከሞተር ጀልባ የሚወርደውን ዓሣ በየዓይነቱ ያስመዝናሉ፣ በደብተር ይጽፋሉ፣ ሳምንቱ ሲያልቅ ደግሞ ደብተሩን ወደ ኤክሴል ይገለብጣሉ። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ የተነሣው ከእነዚሁ ፋይሎች የመጀመሪያ ረድፍ፣ ማለትም ከዓምዶቹ ርዕስ ነው። ፋይሎቹን አንድ ላይ የማዋሐድ ኃላፊነት የእኔ ስለነበረ፣ ስሕተቱ እንዴት እንደተፈጠረ፣ እንዴት እንደተገኘና እንዴት እንደታረመ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ፎርሙ 12 ዓምዶች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 5 ቀኑን፣ ማራገፊያ ቦታውን፣ የጀልባውን ዓይነት፣ የመረቡን ብዛትና የመረቡን ዓይን ስፋት ይይዛሉ፤ ቀጥሎ ለቀረሶ፣ ለአምባዛና ለነጭ ዓሣ፣ ለእያንዳንዳቸው የክብደትና የብዛት ዓምድ ይከተላል፤ የመጨረሻው ማስታወሻ ነው። ከሦስቱ ዓሦች ይበልጥ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ነጭ ዓሣ የሚባለው ነው። በዚህ አንድ ስም ሥር ከ15 በላይ ዝርያዎች ያሉ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ከጣና በስተቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም፤ ከእነርሱም በርካቶቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወዳሉት ወንዞች ስለሚወጡ፣ በወንዝ አፍ ላይ በተዘረጋ መረብ በቀላሉ ይጠመዳሉ። የሐይቁ ዓሣ እየበዛ ነው ወይስ እያነሰ ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚፈለገው ከእነዚሁ መዝገቦች ነው። ስለዚህ አንድ ዓምድ በስሕተት ባዶ ሆኖ መታየቱ ተራ የጽሕፈት ግድፈት ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም።

ችግሩ የተገለጠው የዓመቱ ማጠቃለያ በሚዘጋጅበት ወቅት ነው። ከ5ቱ ማራገፊያ ቦታዎች በአንዱ፣ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባሉት 4 ወራት የቀረሶ ክብደትም ብዛትም ባዶ ሆኖ ወጣ። ለዚህ ባዶነት ምክንያት ለማግኘት ማንም አልተቸገረም። እምቦጭ ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሐይቁን ሰሜናዊና ምሥራቃዊ ዳርቻ እየወረረ መምጣቱን ሁሉም ያውቃልና፣ አረሙ የመረብ መዘርጊያውን ዘግቶት ይሆናል የሚለው አሳብ ወዲያው ተቀባይነት አገኘ፤ በረቂቁ ላይም አንድ አንቀጽ ተጻፈለት። ያን አንቀጽ ሳነብ ግን አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። በእነዚያው ወራት የማስታወሻው ዓምድ ሞልቶ ነበር፤ በአንደኛው ቀን ፊት ለፊትም «ቆሮሶ በብዛት ወጥቷል፣ ዋጋ ቀንሷል» የሚል ተጽፏል። ዓሣው ከሐይቁ ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ዋጋው በምን ምክንያት ይቀንሳል?

ዋናውን ፋይል ስከፍተው ቁጥሩ በሙሉ በቦታው ነበር። በጥር ወር ነባሩ መዝጋቢ ተዛውሮ በምትኩ የመጣው ሰው ፎርሙን በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንደገና ሲያዘጋጅ፣ «ቀረሶ» የነበረውን «ቆሮሶ» ብሎ ጽፎታል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። በጣና ዳር ቀረሶ ይባላል፤ በሌላው አካባቢ ቆሮሶ የሚለው ይበዛል፤ የምግብ ቤት ዝርዝር ላይ ደግሞ ቲላፒያ ተብሎ ይገኛል። አዲሱ መዝጋቢ የሚያውቀውን ዓሣ በሚያውቀው ስም ጽፏል እንጂ አንዳች ጥፋት አልሠራም።

ጥፋቱ የነበረው በእኛ አሠራር ላይ ነው። ፋይሎቹን የምናዋሕደው በኤክሴል ውስጥ ባለው ፓወር ኩዌሪ በተባለው መሣሪያ ነበር። ይህ መሣሪያ በአንድ ፎልደር ውስጥ ያሉ ፋይሎችን ሲያዋሕድ ከመካከላቸው አንዱን፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር የመጀመሪያውን፣ እንደ ናሙና ይወስዳል፤ የሚዘረጋቸው ዓምዶችም በዚያ ናሙና ላይ የተገኙት ብቻ ናቸው። በናሙናው ላይ «የቆሮሶ ክብደት» የሚባል ዓምድ ስላልነበረ የ4ቱ ወራት ቁጥር ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ቀረ፤ «የቀረሶ ክብደት» የሚለው ዓምድ ደግሞ በእነዚያ ፋይሎች ውስጥ ስለሌለ ቦታው ባዶ ሆነ፤ ድምሩም ባዶውን ዘሎ ተደመረ። መሣሪያው የታዘዘውን ሁሉ ፈጽሟል። ያልጠበቅነው ርዕስ ሲመጣ ቆሞ እንዲጠይቀን ግን አላዘዝነውም ነበር።

ከዚያ በፊት ርዕሶችን የማስተካከሉ ሥራ በእጅ ይሠራ ነበር። አንድ ባልደረባችን በየወሩ ፋይሎቹን አንድ በአንድ እየከፈተ የፎርሙን የመጀመሪያ ረድፍ ገልብጦ በነበረው ላይ ይለጥፍበታል። ይህ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን በሁሉም ፋይሎች የዓምዶቹ ቅደም ተከተል አንድ ዓይነት ነው ብሎ ይነሣል። አንዱ መዝጋቢ ብዛትን ከክብደት አስቀድሞ ከጻፈ፣ በላዩ ላይ የተለጠፈው ርዕስ 40 ዓሣን 40 ኪሎ ያደርገዋል፤ ይህን ስሕተት ደግሞ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያገኘው አይችልም፣ ዋናው ርዕስ ተደምስሷልና። በሌላ ጊዜ «ነጭ» ብቻ ተብሎ የተጻፈውን ርዕስ «ነጭ ዓሣ» ለማድረግ ፈልጎ የመተካት ትእዛዝ በሙሉ ገጹ ላይ ተሰጥቶ፣ በማስታወሻው ዓምድ ውስጥ የነበረው «ነጭ ዓሣ» ሁሉ «ነጭ ዓሣ ዓሣ» ሆኖ ተገኝቷል። ባልደረባችን ትጉህ ሰው ነው፤ የጎደለው ነገር በየወሩ የወሰናቸው ውሳኔዎች ተጽፈው የሚቀመጡበት ቦታ ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያ ውሳኔዬ አንድም ርዕስ ሳልቀይር ያሉትን በሙሉ መዘርዘር ሆነ። ለዚህ ሥራ ፓንዳስ በተባለው፣ ፓይተን ለሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተዘጋጀ የሠንጠረዥ መሣሪያ አጭር ስክሪፕት፣ ማለትም ኮምፒውተሩ በተራ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች፣ ጻፍኩ። የ5 ቦታ የ12 ወር ፋይል 60 መሆን ነበረበት፤ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አያይዘው የሚልኩና ለብቻዋ የሚልኩ ስለነበሩ ግን ቁጥሩ ከዚያ ጥቂት አልፏል። ስክሪፕቱ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ፣ ለእያንዳንዱ ዓምድ የመጣበትን ቦታና ወር፣ በስንተኛ ቦታ ላይ እንዳለ፣ ርዕሱን ልክ እንደተጻፈው በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ፣ ከሥሩም የመጀመሪያዎቹን 3 ባዶ ያልሆኑ ዋጋዎች ይጽፋል። ትእምርተ ጥቅሱ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን «ክብደት» እና «ክብደት » በዓይን የሚለዩት ከመጨረሻው ፊደል በኋላ ያለችው ባዶ ቦታ በጥቅስ ስትታጠር ብቻ ነው። ሦስቱ ዋጋዎችም እንዲሁ፤ ከርዕሱ ሥር 0.8፣ 1.2፣ 2.5 ካለ ኪሎ እንደሆነ፣ 14፣ 9፣ 22 ካለ ግን ቆጠራ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታሉ። 12 ዓምድ ሊኖረው የሚገባው ፎርም ሁለት ገጽ የሞላ የርዕስ ዝርዝር ወጣው።

ከዝርዝሩ ትልቁን ቦታ የያዘው የፊደላችን ጉዳይ ነበር። «ዓሣ» የሚለው ቃል ብቻ ዓሣ፣ ዓሳ፣ አሳ እና አሣ ተብሎ በአራት መልክ ተጽፏል። አማርኛ አንባቢ አራቱንም አንድ አድርጎ ያነባቸዋል፤ ኮምፒውተር ግን ፊደሉን የሚያውቀው በቁጥሩ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው መሥፈርት፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው 3.0 እትም ሲካተት እያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር አግኝቷል፤ በ16 መደብ ሲጻፍ «ሣ» 1223፣ «ሳ» ደግሞ 1233 ነው። ይህም ተገቢ ነው፤ በግዕዝ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ሲሆን «ሰረቀ» ግን የሌባ ሥራ ነውና፣ ሁለቱን ፊደላት አንድ ማድረግ የሚቻለው ጉዳዩን በሚያውቅ ሰው ውሳኔ እንጂ በመሥፈርቱ በራሱ አይደለም። ብዙ ሰው የዩኒኮድን የማስተካከያ ሥርዓት ካስኬደ ሞክሼ ፊደላቱ አንድ የሚሆኑ ይመስለዋል። አይሆኑም። ያ ሥርዓት አንዳንድ የተለዩ ባዶ ቦታዎችንና ተመሳሳይ ምልክቶችን ያስተካክላል፤ ሠና ሰን፣ ፀና ጸን፣ ሐና ኀን ግን እንዳሉ ይተዋቸዋል።

ስለዚህ የራሳችንን የሞክሼ ሰንጠረዥ ሠራን፤ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ በሰባቱም ድምፅ ይመለሳሉ። በዚህ ቦታ ላይ አንድ ነገር አምልጦኝ ነበርና ለሌላ ሰው እንዲጠቅም በዝርዝር ልጻፈው። ስክሪፕቱን «ዓሣ» በሚለው ቃል ስሞክረው የወጣው «አሳ» ሳይሆን «ኣሳ» ሆነ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ «ዓ» የዐ ራብዕ ነው፤ ረድፉን ጠብቆ ወደ አ ቤት ሲዛወር የሚያርፈው በአ ራብዕ፣ በ«ኣ» ላይ ነው። በአማርኛ ግን የእነዚህ ፊደላት ግዕዝና ራብዕ በድምፅ አንድ ስለሆኑ፣ ሰው «ዓ»ን የሚለውጠው በ«አ» እንጂ በ«ኣ» አይደለም። «ሃይቅ» እና «ሐይቅ» ላይም ያው ይደርሳል። ስለዚህ ለሀና ለአ ቤቶች ራብዑን ወደ ግዕዙ የሚመልስ ተጨማሪ መስመር አስፈለገ። ይህ ሁሉ የሚደረገው ርዕሶችን ለማነጻጸር ብቻ በሚያገለግል ስውር ቅጂ ላይ ነው፤ በሚወጣው ሠንጠረዥ ላይ «ዓሣ» እንደ ወጉ «ዓሣ» ሆኖ ይቀራል። ለማሽን ምቾት ሲባል የሰውን አጻጻፍ ማበላሸት ፈጽሞ ልክ አይመስለኝም።

ሌሎቹ ምክንያቶች ቀለል ያሉ ነበሩ። በቃላት መካከል ሁለት ባዶ ቦታ፣ በሴሉ ውስጥ የተሰበረ መስመር፣ ኪሎ ግራምን «ኪ.ግ»፣ «ኪግ» ወይም «ኪ/ግ» ብሎ ማሳጠር፣ በባዶ ቦታ ፋንታ ሁለት ነጥብ ማስገባት፤ እነዚህ በጥቂት መስመር ተስተካከሉ። በአንድ ቦታ ፋይሎች ላይ ርዕሱ በሁለት ረድፍ ነበር፤ በላይኛው ረድፍ «ቀረሶ» የሚለው ቃል በሁለት የተዋሐዱ ሴሎች ላይ ተዘርግቶ፣ ከሥሩ «ክብደት» እና «ብዛት» ተጽፏል። የተዋሐደ ሴል ዋጋውን የሚይዘው በመጀመሪያው ሴል ብቻ ስለሆነ፣ የላይኛው ስም ወደ ቀኝ ተሞልቶ ከታችኛው ጋር መያያዝ ነበረበት። ጥቂት የቆዩ ፋይሎች ደግሞ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ ፎንት የተጻፉ ናቸው፤ ፎንቱ ባለበት ኮምፒውተር ላይ አማርኛ ሆነው ይነበባሉ፣ ስክሪፕቱ ሲያነባቸው ግን የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ናቸው። እነዚያን በስክሪፕት ለመፍታት አልሞከርንም፤ ተቀምጠን በእጃችን ጻፍናቸው።

በዚህ ደረጃ ላይ አንድ ባልደረባ ብዙ ድካም የሚያስቀር የሚመስል አሳብ አቀረበ። ርዕሱ ከመደበኛው ርዕስ ጋር በጥቂት ፊደላት ብቻ የሚለያይ ከሆነ ማሽኑ ራሱ ቅርቡን መርጦ ይተካው አለ። እንዲህ ያሉ የቅርበት መለኪያዎች አሉ፤ አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል መተካት፣ መጨመር ወይም መቀነስ እንደሚያስፈልግ ይቆጥራሉ። በእኛው ዝርዝር ላይ ሞከርነው። «አሳ»ን ወደ «ዓሣ» ለመለወጥ ሁለት ፊደል ይተካል፤ ርቀቱ 2 ነው። «የተጸዳ ክብደት»ን ወደ «ያልተጸዳ ክብደት» ለመለወጥ ደግሞ አንድ ፊደል ይተካል፣ አንድ ይጨመራል፤ ርቀቱ ይኸውም 2 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው፤ የኋለኞቹ ግን ተቃራኒ ናቸው። በአማርኛ አሉታው የሚገባው በቃሉ መነሻ ላይ፣ በአንድ ወይም በሁለት ፊደል ስለሆነ፣ በቅርበት ብቻ የሚፈርድ ማሽን አዎንና አይደለምን ያቀላቅላል። አሳቡ በዚያው ቀረ፤ በእኔ አመለካከት ከጠቅላላው ሥራ ትልቁ ውሳኔም ይህ ነበር።

ይኸው የ«ተጸዳ» ጉዳይ ወደ ማራገፊያ ቦታዎቹ እንድሄድ አደረገኝ። በሁለት ቦታዎች ፋይል ላይ «ክብደት» የሚለው ርዕስ ፊደል በፊደል አንድ ነው፤ በስክሪፕቱ ዓይን ምንም የሚቀየር ነገር የለውም። ሆኖም በብዛት ሲካፈል የአንዱ ቦታ ዓሣ ከሌላው ቦታ ዓሣ ያለማቋረጥ ቀለል ብሎ ይታያል። በመጀመሪያው ቦታ የሚመዘግቡትን አዛውንት ጧት ዳርቻው ላይ አገኘኋቸው። አንድ ታንኳ ደርሶ፣ ዓሣው ደንገሉ ላይ እንደተኛ አንድ ወጣት በቢላዋ ሆዱን እየሰነጠቀ የሚወጣውን ወደ ዳር ይጥላል፤ ወፎቹም ከበውታል። የጸዳው ዓሣ በተንጠለጠለው ሚዛን ላይ ሲወጣ አዛውንቱ ቁጥሩን አንብበው ጻፉ።

«ጋሼ፣ እዚህ ደብተር ላይ ክብደት ብለው የሚጽፉት ሁልጊዜ እንዲህ ጸድቶ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ታዲያስ ልጄ፣ ከነሆድቃው ማን ይገዛል? እኛ የምንመዝነው የሚሸጠውን ነው» አሉኝ።

በሌላው ቦታ የምትመዘግበው ወጣት ደግሞ ነገሩን በግልባጩ ነገረችኝ፤ በእነርሱ ዘንድ ዓሣው ከጀልባ እንደወረደ ይመዘናል፣ የሚያጸዱት ገዢዎቹ ናቸው። ሁለቱም ለዓመታት በትክክል መዝግበዋል፣ ሁለቱም «ክብደት» ብለው ጽፈዋል፤ እኛ ግን ባሕር ዳር ተቀምጠን ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ዓምድ ስንደምር ኖረናል። ርዕሱ የተለያየ በነበረበት ቦታ ነገሩ አንድ ነበር፤ ርዕሱ አንድ በነበረበት ቦታ ደግሞ ነገሩ ተለያየ።

የመረቡም ነገር ከዚሁ ጉዞ ተፈታ። በአንድ ቦታ ፋይል ውስጥ ሁለት ዓምዶች አሉ፣ የሁለቱም ርዕስ «መረብ» ነው። ፓንዳስ ፋይል ሲያነብ አንድ ርዕስ ሁለት ጊዜ ካገኘ ሁለተኛውን «መረብ.1» ብሎ ይሰይመዋልና፣ በዝርዝራችን ላይ ማንም ሰው ያልጻፈው ርዕስ ታይቶ ነበር። በመጀመሪያው ሥር 3፣ 4፣ 3፤ በሁለተኛው ሥር 8፣ 10፣ 12 የሚሉ ቁጥሮች አሉ። መዝጋቢዋ ሳትጠራጠር መለሰችልኝ፤ የፊተኛው ስንት መረብ እንደተዘረጋ፣ የኋለኛው የመረቡ ዓይን በሳንቲ ሜትር ስንት እንደሆነ ነው። ከቁጥሮቹ መገመት ይቻል ነበር፤ ግምትና ማረጋገጫ ግን በመዝገብ ላይ እኩል ቦታ ሊይዙ አይገባም።

ከጉዞው ስመለስ የሠራነው የርዕስ መዝገብ ራሱ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው። በእያንዳንዱ ረድፍ ማራገፊያ ቦታው፣ የመጣው ርዕስ፣ መደበኛው ርዕስ፣ ከየትኛው ወር ጀምሮ እንደሚሠራና ትርጉሙን ያረጋገጠው መዝጋቢ ይጻፋል። ቦታው በመዝገቡ ውስጥ መግባቱ ግድ ነበር፤ «ክብደት» በአንዱ ቦታ «የጸዳ_ክብደት_ኪግ»፣ በሌላው «ሙሉ_ክብደት_ኪግ» የሚሆነው በዚህ ብቻ ነው። መደበኛ ርዕሶቹን በአማርኛ ያደረግናቸው ሆን ብለን ነው፤ ፓንዳስም ፓወር ኩዌሪም የግዕዝ ፊደልን ያለ ችግር ይቀበላሉ፣ መዝጋቢዎቹም ውጤቱን አይተው ስሕተት ካለ ሊነግሩን የሚችሉት በሚያነቡት ቋንቋ ሲሆን ነው። የጸዳውን ክብደት በአንድ ቁጥር አባዝተን ሙሉ ለማድረግ የቀረበውን ጥያቄ አልተቀበልንም። ከሆድ ዕቃው የሚወጣው ድርሻ በዓሣው ዓይነት፣ በመጠኑና እንቁላል በመያዙ ይለያያልና፣ ያ የዓሣ ተመራማሪዎች ሥራ ነው፤ የእኛ ድርሻ ሁለቱን ዓምዶች ሳይቀላቀሉ ማቅረብ ነው።

የሥራው ሂደት ከዚያ በኋላ አጭር ነው። የመጡት ፋይሎች በአንድ ፎልደር ይቀመጣሉ፣ ስክሪፕቱም ያነባቸዋል እንጂ አይጽፍባቸውም። ርዕሶቹን በስውሩ ቅጂ ከመዝገቡ ጋር አነጻጽሮ ይሰይማል፣ ውጤቱን በሌላ ፎልደር ያስቀምጣል፣ የትኛው ርዕስ ወደ የትኛው እንደተቀየረም በአንድ ማስታወሻ ፋይል ላይ ይጽፋል። በመዝገቡ ላይ የሌለ ርዕስ ካገኘ፣ የግድ መኖር ያለበት ዓምድ ከጎደለ፣ ወይም ሁለት ዓምዶች አንድ ስም የሚያገኙ ከሆነ ያን ፋይል ሳያስገባ ይቆማል። ፓንዳስ ርዕስ ሲቀይር፣ እንዲቀየር የታዘዘው ርዕስ በፋይሉ ውስጥ ባይኖር ዝም ብሎ ማለፍ ልማዱ ነው። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ ጊዜ ስሕተት እንዲያሳይ ማዘዝ ተችሏል፤ ለእኛ ግን አልበቃም። መዝገቡ የአንድን ርዕስ ብዙ አጻጻፍ ስለሚይዝ ሁሉም በአንድ ፋይል ውስጥ አይገኙም፤ ከዚህ ይልቅ ማወቅ የምንፈልገው በፋይሉ ውስጥ ኖሮ በመዝገቡ የሌለውን ነው። ይህን ማጣራት ራሳችን ጻፍነው።

ሁለት ዓምዶች አንድ ስም እንዳይዙ የሚከለክለው መስመር የገባው ከመጀመሪያው ሙሉ ሙከራ በኋላ ነው። አንድ ፋይል «የአምባዛ ክብደት» እና «የአምባዛ ክብደት ሙሉ» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ነበሩት፤ በመዝገቡ ላይ ሁለቱንም በስሕተት ወደ አንድ መደበኛ ርዕስ መርቻቸዋለሁ። ፓንዳስ ይህን ይፈቅዳል፤ ያለ ተቃውሞ ሁለት ተመሳሳይ ስም ያላቸው ዓምዶች አወጣልኝ። ያገኘሁት የአምባዛን ድምር ስጠይቅ በአንድ ቁጥር ፋንታ ሁለት ቁጥር ሲመጣ ነው። ያ ባይሆን ኖሮ ስሕተቱ ወደ ማጠቃለያው ይገባ ነበር።

የቀኑም ዓምድ በስሙ ውስጥ ዘመን አቆጣጠሩን እንዲይዝ ሆነ፤ «ቀን» የነበረው «ቀን_ኢት» ተባለ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ መዝጋቢው ጳጉሜ 5 ቀን 2015ን 5/13/2015 ብሎ ሲጽፍ፣ በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ የተስተካከለ ኮምፒውተር ይህን ሜይ 13 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. አድርጎ ይቀበለዋል። ጥቅምት 30ን 30/2/2015 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ በፈረንጁ 30ኛ ወርም ሆነ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ተራ ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። አሁን ቀኑ ከመጀመሪያው እንደ ጽሑፍ ይነበባል፤ ርዕሱም ለሚቀጥለው ተጠቃሚ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ይነግረዋል።

ሥራው ሲጠናቀቅ የ4ቱ ወራት የቀረሶ ቁጥር ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ስለ እምቦጭ የተጻፈው አንቀጽም ከረቂቁ ወጣ። እምቦጭ በጣና ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ያላደረገውን በእርሱ ላይ መጻፍ ያደረገውን ለማሳየት የሚቀርበውን ማስረጃ ያረክሰዋልና፣ አንቀጹ መውጣቱ ለእኔ ከተመለሰው ቁጥር ያላነሰ ዋጋ ነበረው። ወርሐዊው ሥራ ከዚህ ቀደም ቀናት ይወስድ የነበረ ሲሆን፣ አሁን ማሽኑ ካልቆመ በአንድ ጧት ያልቃል፤ ከቆመም የቆመበትን ርዕስ፣ ፋይሉንና 3ቱን ዋጋዎች አሳይቶ ስለሆነ ስልክ መደወል ብቻ ይቀራል።

ባለፈው ወር ቆሞ ነበር። ዓሣው ከጀልባ እንደወረደ ይመዘናል ካለችኝ ወጣት የመጣው ፋይል «የቀረሶ ክብደት ፊሌቶ» የሚል 13ኛ ዓምድ ይዞ መጣ። ደወልኩላት። አንድ አዲስ ገዢ መምጣቱን፣ እርሱ የሚወስደው አጥንቱ የወጣለትን ሥጋ ብቻ መሆኑን፣ የእርሱንም ለብቻ ካልጻፈችው ከሙሉው ጋር እንደሚደባለቅባት ስለሰጋች ዓምድ እንደጨመረች ነገረችኝ። በመዝገቡ ላይ «የቀረሶ_ፊሌቶ_ኪግ» የሚል አዲስ ረድፍ ጻፍኩ፣ ወሩንና ያረጋገጠችውን መዝጋቢ ሞላሁ፣ ስክሪፕቱንም እንደገና አስኬድኩት።